ብድሩ በእሷ ስም፣ ገንዘቡስ?

በ2000ዎቹ አጋማሽ ሲሪላንካ ውስጥ አንድ ሙከራ ተደረገ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ተመራማሪዎች በጣም ትንንሽ ንግድ ላላቸው ሰዎች በዕጣ ገንዘብ ሰጡ። ብድር አይደለም፤ የማይመለስ ነው። ከዚያ የማን ንግድ እንደሚያድግ ተከታተሉ። የወንዶቹ ትርፍ ጨመረ። የሴቶቹ ግን በአማካይ ንቅንቅ አላለም።

ይህን ውጤት ለአንድ የፋይናንስ ባለሙያ ብታሳዩት መልሱ ቅርብ ነው። የሴቶች ንግድ ካፒታል ቢጨመርበትም አያድግም፣ ገንዘቡ የተሻለ ወደሚሠራበት ይሂድ ይላችኋል። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ቁጥሩ የሚለው እሱን ነው።

ለሥርዓተ ፆታ ባለሙያ ብታሳዩት ግን ከመልስ በፊት ጥያቄ ይመጣል፦ «ሴትዮዋ ቤት ውስጥ ሌላ ነጋዴ አለ ወይ?»

በ2019 የታተመ ሌላ ጥናት ይህንኑ ጥያቄ ይዞ ተነሳ። ከሲሪላንካ፣ ከጋናና ከሕንድ የተሰበሰበውን መረጃ እንደገና ፈተሸ። ቤቱ ውስጥ ንግድ ያላት እሷ ብቻ ስትሆን፣ ለሴት የተሰጠው ገንዘብ ለወንድ ከተሰጠው ያላነሰ ትርፍ አምጥቷል። ባልም የራሱ ንግድ ሲኖረው ግን ገንዘቡ በእሷ በኩል አልፎ ወደ እሱ ንግድ ይገባል። ባክኖ አልቀረም። ቤቱ ውስጥ ትርፍ እያመጣ ነበር። ያልታየው መለኪያው የተተከለው እሷ ንግድ ላይ ብቻ ስለነበር ነው።

ቁጥሩ አንድ ነው። ከቁጥሩ የሚወጣው ውሳኔ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። በዓለም አቀፍ የልማት ሥራ ውስጥ «የሥርዓተ ፆታ ዕውቀትንና ፋይናንስን ማገናኘት» ሲባል የምትሰሙት ስለዚህ ነው። አባባሉ ከባድ ይመስላል። ሲፈታ ግን ይሄ ነው፦ ገንዘብ ሲመደብ፣ ሲሰላና ሲለካ ያቺን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ጠረጴዛው ላይ አለ ወይስ የለም?

አንድ ሕንፃ፣ ሁለት ዓለም

ትልቅ የልማት ባንክ ወይም ለጋሽ ድርጅት ውስጥ ሁለቱ ሙያዎች አንድ ሕንፃ ይጋራሉ። በአንድ ሊፍት ይወጣሉ። የሥራ ቀናቸው ግን እምብዛም አይገናኝም።

የፋይናንሱ ሰው ስለ ስጋት ያስባል። ገንዘቡ ይመለሳል ወይ? መቼ? ካልተመለሰ ምን ይያዛል? ምን ያህልስ ያተርፋል? ውሳኔው የሚሰጠው የብድር ወይም የኢንቨስትመንት ኮሚቴ በሚባል ስብሰባ ነው። ጊዜው አጭር ነው፣ ሰነዱ በቁጥር የተሞላ ነው፣ የሚጠበቀው መልስ ደግሞ «ይጽደቅ» ወይም «አይጽደቅ» ነው።

የሥርዓተ ፆታ ባለሙያዋ ስለ ሥልጣን ታስባለች። ቤት ውስጥ ወሳኙ ማነው? መሬቱ በማን ስም ነው? ልጅ የሚያሳድገው፣ በሽተኛ የሚያስታምመው ማነው? ለዚያ ሥራስ የሚከፍል አለ? («ባለሙያዋ» ስል በልምድ ነው፤ በሙያው ወንዶችም አሉ፣ ቢበዙም ደስ ይለኛል።) የእሷ ማስረጃ ብዙ ጊዜ ታሪክ ነው፣ ቃለ መጠይቅ ነው፣ የመንደር ውሎ ነው። ይህ በቁጥር የተሞላው ሰነድ ውስጥ የሚገባበት ቦታ የለውም።

ሙያው ወደ ልማት ተቋማት በሰፊው የገባው ከ1995ቱ የቤይጂንግ የሴቶች ጉባኤ ወዲህ ነው። በ1997 የተባበሩት መንግሥታት የኢኮኖሚና ማኅበራዊ ምክር ቤት አሠራሩ ምን ማለት እንደሆነ በየነ፤ ማንኛውም ፖሊሲና ፕሮግራም ገና ሲታሰብ በሴቶችና በወንዶች ላይ የሚያመጣው ለውጥ ይመዘን አለ። «ገና ሲታሰብ» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ። በተግባር የሆነው ተቃራኒው ነውና።

ብዙ ጊዜ ነገሩ እንዲህ ይሄዳል። ፕሮጀክቱ ይነደፋል፣ ገንዘቡ ይመደባል፣ ከዚያ ሰነዱ ለባለሙያዋ ይላካል። «የሥርዓተ ፆታ ክፍል ጨምሪበት፣ ለሐሙስ ይደርሳል?» ትባላለች። እሷም ትጨምራለች። ስልጠና፣ ግንዛቤ ማስጨበጫ፣ ከተሳታፊዎቹ ይህን ያህል በመቶ ሴቶች ይሆናሉ የሚል መስመር። የወለዱ፣ የመያዣው፣ የመክፈያ ጊዜው ነገር ግን አልቋል። በእኔ እምነት ችግሩ ሁለቱ መናናቃቸው አይደለም። እርግጥ መናናቁም አለ። ዋናው ችግር ግን እሷ የምትጠራበት ሰዓት ነው።

44 በመቶ ሲባል

ለጋሽ አገሮች ርዳታቸውን ለኦኢሲዲ (በአብዛኛው የበለፀጉ አገሮች ለተሰባሰቡበት የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት) የልማት ድጋፍ ኮሚቴ ሪፖርት ሲያደርጉ ለእያንዳንዱ ፕሮጀክት የሥርዓተ ፆታ ማርከር የሚባል ምልክት ይሰጣሉ። ምልክቱ ሦስት ደረጃ አለው። 0 ማለት ፕሮጀክቱ ታይቷል፣ የፆታ እኩልነት ዓላማ ግን የለውም ማለት ነው። 1 ማለት እኩልነት ከዓላማዎቹ አንዱ ነው፣ የፕሮጀክቱ ዋና ምክንያት ግን አይደለም። 2 ማለት ፕሮጀክቱ የተነሳው ለዚያው ነው፤ ያ ዓላማ ባይኖር ኖሮ ፕሮጀክቱም አይኖርም ነበር።

በ2020 እና 2021 አገሮቹ በቀጥታ ከሰጡት ርዳታ 44 በመቶው 1 ወይም 2 አግኝቷል። ጥሩ ይመስላል። 2 ያገኘው ግን 4 በመቶ ብቻ ነው። የቀረው 40 በመቶ በ1 ስር ተጠቃሏል። 1 ደግሞ ሰፊ ቤት ነው። ከልቡ የተሠራም፣ አንዲት አንቀጽ የተለጠፈችበትም አብረው ይገባሉ።

ሌላም ነገር አለ። ምልክቱ የሚሰጠው በዕቅዱ ላይ ተመሥርቶ ነው። የታሰበውን ይናገራል እንጂ ገንዘቡ በማን እጅ እንደገባ አይናገርም። ማርከሩ ይጥፋ አልልም። እሱ ባይኖር ይህቺን 4 በመቶ እንኳ ባላወቅን ነበር። ግን ሥርዓተ ፆታና ፋይናንስ ተገናኙ የሚያሰኝ ነገር አይደለም። ከመገናኘታቸው በፊት ያለ ምዝገባ ነው።

መንገዱ ሲቀየር

ታዲያ መገናኛው የት ነው? ውሉ ውስጥ ነው። ከታላላቅ ንግግሮች ይልቅ ጥቃቅን የሚመስሉ የውል ነጥቦች የሴቷን ዕጣ ይወስናሉ። በዚህ ላይ ቆየት ብል ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው አሰልቺ መስሎት የሚያልፈው እዚህ ጋ ነው።

ኡጋንዳ ውስጥ ወደ 3,000 የሚሆኑ የአነስተኛ ብድር ደንበኞች፣ ሁሉም ሴቶች፣ የተሳተፉበት ሙከራ ነበር። ለአንዳንዶቹ ብድሩ እንደተለመደው በጥሬ ገንዘብ ተሰጠ። ለሌሎቹ በራሳቸው ስም በተከፈተ የሞባይል ገንዘብ ሂሳብ ገባ። የብድሩ መጠን በዚህ አልተለየም። የተለየው ገንዘቡ የመጣበት መንገድ ብቻ ነው። ከ8 ወር በኋላ በሞባይል የተቀበሉት ሴቶች ትርፍ በ15 በመቶ፣ የንግድ ካፒታላቸው ደግሞ በ11 በመቶ በልጦ ተገኘ። ይበልጥ የተጠቀሙት ቤት ውስጥ «ካገኘሽው አካፍይን» የሚል ጫና የነበረባቸው ናቸው። በእጅ የያዙት ገንዘብ ይታያል፤ የታየ ገንዘብ ይጠየቃል። ስልክ ውስጥ ያለው ግን እሷ እስክትወስን ይቆያል።

ልብ በሉ፣ ይህ ለባንኩ የሚያስከትለው ወጪ ከምንም አይቆጠርም። ስልጠና የለም፣ ሴሚናር የለም። የቤት ውስጥ ሥልጣንን የሚያውቅ ሰው የክፍያ መንገድ በሚወሰንበት ጊዜ አጠገብ ቢገኝ የሚነሳ ሐሳብ ነው።

ሁሉም እንዲህ ርካሽ ነው ማለት ግን አይደለም። ኮልካታ ውስጥ ለሴቶች የሚሰጥ አነስተኛ ብድር መከፈል የሚጀምረው ገንዘቡ ከተወሰደ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነበር። ተመራማሪዎች ለተወሰኑት ተበዳሪዎች የሁለት ወር የእፎይታ ጊዜ አሰጧቸው። እፎይታ ያገኙት ደፈር ብለው ንግዳቸው ላይ የበለጠ ገንዘብ አዋሉ። ከሦስት ዓመት ገደማ በኋላም ትርፋቸው ከሌሎቹ በግልጽ ይበልጥ ነበር። ጎን ለጎን ግን ብድር ሳይመልሱ የቀሩትም በዙ።

እዚህ ጋ ነው ሁለቱ ሙያዎች እርስ በርስ የሚፈላለጉት። የሥርዓተ ፆታ ባለሙያዋ «ጊዜ ስጧቸው» ብትል ትክክል ናት። የፋይናንሱ ሰው «የማይመለሰውን ማን ይሸከመው?» ቢል እሱም ትክክል ነው። መልሱ የሚገኘው በፋይናንስ መሣሪያ ነው። ለምሳሌ የአውሮፓ የመልሶ ግንባታና ልማት ባንክ ለሴት ነጋዴዎች በዘረጋው ፕሮግራም ለአገር ውስጥ ባንኮች ገንዘብ ከማበደሩም በላይ ብድር ሲበላሽ የመጀመሪያውን ኪሳራ የሚሸፍን ዋስትና ያቀርባል። በእንዲህ ያለ ዋስትና ባንኩ ያለ ፍርሃት የውሉን ነጥቦች ማላላት ይችላል። ለሴቶች የሚስማማው ውል የቱ እንደሆነ የምታውቀው እሷ ናት። ያ ውል የሚያስከትለውን ስጋት ማን በምን ዋጋ እንደሚይዘው የሚያሰላው ደግሞ እሱ ነው።

መያዣ የሚባለው ነገርም እንዲሁ ነው። ባንክ መሬት ወይም ቤት ይፈልጋል። መሬቱ ደግሞ በብዙ ቦታ በአባት፣ በባል ወይም በወንድም ስም ነው። የዓለም ባንክ በ2024 ባወጣው ሪፖርት ሴቶች በዓለም አማካይ ያላቸው የሕግ ጥበቃ ከወንዶቹ ከሁለት ሦስተኛ ያንሳል። ስለዚህ «መያዣ አምጡ» የሚለው ለሁሉም እኩል የሚመስል መስፈርት፣ በሩ ላይ ሴቶችን ለይቶ ይመልሳል። የጻፈው ሰው ሴቶችን ለመከልከል አስቦ ላይሆን ይችላል። ውጤቱ ግን ያው ነው።

ይህን በጊዜ የተረዱት አሉ። ሕንድ፣ አህመዳባድ ውስጥ ኤላ ባት በ1972 የመሠረቷት ሴዋ የተባለች የሠራተኛ ሴቶች ማኅበር አለች። አባሎቿ መንገድ ዳር የሚሸጡ፣ ሸክም የሚሸከሙ፣ ቤታቸው ውስጥ በቁራጭ የሚሠሩ ሴቶች ናቸው። መደበኛ ባንኮች አልተቀበሏቸውም። በ1974 4,000 ሴቶች እያንዳንዳቸው 10 ሩፒ አዋጥተው የራሳቸውን ባንክ አቋቋሙ። ብዙዎቹ መፈረም አይችሉም ነበር። ያኔ መፍትሔው ስም መፈረም ይማሩ ማለት ብቻ አልነበረም። የሂሳብ ደብተሩ ላይ ፎቶግራፋቸው ተለጠፈ፤ ደንበኛዋ በፊርማዋ ፈንታ በመልኳ ታወቀች። የባንክ አሠራር ለሴቷ ሲታጠፍ እንዲህ ነው። እኔ ስለ ጉዳዩ ሳስብ ይህቺ ፎቶግራፍ ሁሌ ትመጣብኛለች።

ስጋት የሚባለው የማን ስጋት ነው?

የፋይናንስ ሰዎች ስጋትን በደንብ ያውቃሉ። የምንዛሪ ስጋት፣ የፖለቲካ ስጋት፣ የዋጋ ስጋት። በሴቶች ላይ የሚደርስ ጥቃት ግን ለረጅም ጊዜ በዚያ ዝርዝር ውስጥ አልነበረም። የማኅበራዊ ጉዳይ ክፍል ሥራ ነበር።

በታኅሣሥ 2015 ዓለም ባንክ ኡጋንዳ ውስጥ ይደግፈው የነበረውን የ265 ሚሊዮን ዶላር የትራንስፖርት ፕሮጀክት ሰረዘ። ምክንያቶቹ ብዙ ነበሩ። ከሁሉም የከፋው ግን የመንገድ ሥራው ሠራተኞች በአካባቢው ታዳጊ ልጃገረዶች ላይ ያደረሱት ወሲባዊ ጥቃት ነው። ልጆቹ ላይ የደረሰውን በዶላር መግለጽ አይቻልም፣ መሞከርም ነውር ነው። ያም ሆኖ ከዚያ በኋላ ማንም አበዳሪ «ይህ የእኛ ጉዳይ አይደለም» ማለት አልቻለም። መቶዎች ወንድ ሠራተኞችን ወደ አንድ ገጠር የሚያመጣ መንገድ ምን ሊያስከትል እንደሚችል የሥርዓተ ፆታ ባለሙያዎች ድሮም ያውቃሉ። ዕውቀቱ ነበረ። ገንዘቡ በሚለቀቅበት ሰነድ ላይ ግን አልሰፈረም።

ባንኩ በ2016 በጉዳዩ ላይ ግብረ ኃይል አቋቋመ። ከ2021 ጀምሮ ደግሞ አደጋው ከፍተኛ በሆነባቸው ፕሮጀክቶች ላይ፣ ጥቃትን የመከላከል ግዴታውን ያልተወጣ ተቋራጭ ለሁለት ዓመት ከባንኩ ሥራዎች ይታገዳል። የሁለት ዓመት እገዳ ለአንድ የኮንስትራክሽን ድርጅት ቀልድ አይደለም። ግንዛቤ ማስጨበጫ ያላመጣውን ትኩረት የጨረታ ሕግ ያመጣል።

ኢንቨስተሮቹስ?

በርዳታና በመንግሥት ብድር ብቻ አያበቃም። የዓለም ባንክ ቡድን አካል የሆነው ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ኮርፖሬሽን በሴቶች የተያዙ ጥቃቅን፣ አነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች የሚያስፈልጋቸው፣ ግን ያላገኙት ብድር ወደ 1.7 ትሪሊዮን ዶላር ይደርሳል ብሎ ገምቶ ነበር። ይህን የሚያህል ጉድጓድ በርዳታ አይሞላም።

በ2018 የቡድን 7 አገሮች ካናዳ፣ ሻርልቯ ላይ ሲሰበሰቡ የልማት ፋይናንስ ተቋሞቻቸው 2ኤክስ ቻሌንጅ የተባለ ዘመቻ ጀመሩ። የመጀመሪያው ግብ እስከ 2020 ድረስ 3 ቢሊዮን ዶላር ማሰባሰብ ነበር፣ ከዚያም አለፈ። ከገንዘቡ ይልቅ የሚገርመኝ መስፈርቱ ነው። አንድ ድርጅት ለሴቶች የሚጠቅም ኢንቨስትመንት ለመባል ለምሳሌ 51 በመቶው የሴቶች መሆን፣ ወይም ሴቶች በአመራሩ ውስጥ የተወሰነ ድርሻ መያዝ፣ ወይም በሠራተኛው መካከል በበቂ ቁጥር መገኘት፣ ወይም ምርቱ በተለይ ሴቶችን የሚጠቅም መሆን ነበረበት። እነዚህ የፋይናንስ ሰው በምርመራው ወቅት አረጋግጦ ምልክት ሊያደርግባቸው የሚችሉ ነገሮች ናቸው። የሥርዓተ ፆታ ጥያቄ ሠንጠረዥ ውስጥ ገባ ማለት ነው።

ጉድለቱም እዚያው ነው። በመጀመሪያው አሠራር አንዱን ማሟላት ይበቃ ነበር። ከሠራተኞቹ አብዛኞቹ ሴቶች የሆኑበትን የልብስ ፋብሪካ አስቡ። በቁጥሩ ያልፋል። ደመወዛቸው ስንት ነው? ሲያረግዙ ምን ይሆናሉ? የፈረቃው አለቃ ቢያስቸግራቸው አቤት የሚሉበት አለ? ቁጥሩ አይመልስም። ለዚህ ነው መስፈርት ከተጻፈ በኋላም ባለሙያዋ ታስፈልጋለች የምለው። ሠንጠረዡ በሩን ይከፍታል። ገብቶ ማየት ግን የሰው ሥራ ነው።

ስለ መረጃ አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። ባንኮች ደንበኞቻቸውን በፆታ ለይተው ካልመዘገቡ ከላይ ያልኩት ሁሉ ወሬ ሆኖ ይቀራል። ቺሊ ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የባንክ መረጃን በፆታ ለይታ ስትሰበስብ ቆይታለች። አብዛኞቹ አገሮች ግን ገና ናቸው።

ትርፍ ያመጣል ብሎ መሟገት

በሁለቱ ሙያዎች መካከል ድልድይ የሚሠሩ ሰዎች የሚወዱት ክርክር አለ። ሴቶችን ማካተት ያተርፋል፣ ስለዚህ አካቱ። እውነት የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው። በሩንም ይከፍታል። እኔ ግን ጥንቃቄ ያስፈልገዋል ባይ ነኝ። የሴት መብት በትርፍ ላይ ከተንጠለጠለ፣ ትርፉ ያልታየ ቀን መብቱም አብሮ ይወድቃል። ሲሪላንካን አስታውሱ። የመጀመሪያውን ውጤት ይዞ ሴቶችን ከፕሮግራም ማስወጣት ይቻል ነበር። ስህተቱ የታወቀው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ስለዚህ ባለሙያዋ የፋይናንስ ቋንቋ መማር አለባት። የእፎይታ ጊዜ፣ ዋስትና፣ የመጀመሪያ ኪሳራ፣ ቅድመ ሁኔታ የሚሉትን ቃላት ስትሰማ መደንገጥ የለባትም። የራሷን ቋንቋ ግን መጣል የለባትም። በፋይናንሱ በኩልም መማር አለ። እሱ «የሥልጣን ግንኙነት» የሚለውን ሐረግ እንደ ፖለቲካ ማየቱን ትቶ ገንዘብ የሚሄድበትን ቦይ የሚያሳይ ካርታ አድርጎ ቢያየው ሥራው ይቀልለታል። እስካሁን ግን ሁለቱ ወገኖች የሚሸከሙት ሸክም እኩል አይደለም። ትማር የሚባለው እሷን ነው። እሱን ተማር የሚለው የለም።

ደግሞም ጊዜው አለ። አንድ ብድር ደረጃ በደረጃ ይሄዳል። ሐሳቡ ይቀርባል፣ ምርመራ ይደረጋል፣ ተርም ሺት የሚባለው የውሉ ዋና ዋና ነጥቦች የሚሰፍሩበት ወረቀት ይረቀቃል፣ ድርድር አለ፣ ኮሚቴ ያጸድቃል፣ ውል ይፈረማል፣ ገንዘቡ ይለቀቃል። ባለሙያዋ በምርመራው ከገባች ገንዘቡ በማን ሂሳብ እንደሚገባ፣ መያዣው ማንን እንደሚመልስ ትጠይቃለች፣ መልሱም ወረቀቱን ይቀይራል። በድርድሩ ከገባች «የቅሬታ ማቅረቢያ ሥርዓት ሳይዘረጋ ሁለተኛው ዙር ገንዘብ አይለቀቅም» የሚል ቅድመ ሁኔታ ማስገባት ይቻላል። ኮሚቴው ውስጥ ካለች፣ ድምፅም ካላት፣ ማዘግየት ትችላለች። ከፊርማው በኋላ ከመጣች ግን አንዲት አንቀጽ ለመንካት አበዳሪውም ተበዳሪውም እንደገና መቀመጥ አለባቸው። እነሱ ደግሞ ያን ጊዜ ሌላ ብድር ላይ ናቸው።